ባለ አራት ምቷ ሞተርና የአዲሎ ጭቃ
(በምሩቃን መሰባሰቢያ ቀን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ደውሎ «ሃያ ደቂቃ አለሽ፣ በፈለግሽው ርዕስ ተናገሪ» ሲለኝ ስለ ሞተር ሳይክል እናገራለሁ አልኩ። በስልኩ ወዲያ ማዶ ትንሽ ዝም ተባለ። ከዚያ «ስለ አደጋው ነው አይደል?» ተባልኩ። ስለሱም ነው። ግን ስለ ሞተሩ ሳልናገር ስለ አደጋው መናገር አልችልም፤ ለምን እንደሆነ ወደ መጨረሻው ይገባችኋል።

አንዳንዶቻችሁ አሰንዳቦን ታስታውሳላችሁ። ለቲ.ቲ.ፒ. የወጣን ጊዜ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር አቧራ የጠጣች አንድ ሞተር ቆማ ነበር። ወንዶቹ በየተራ ሲረግጧት ዋሉ። ላብ በላብ ሆነው «ይቺማ ሞታለች» ብለው ሊቀብሯት ሲሉ እኔ ካንዴላዋን ፈታሁ፤ ጥቀርሻውን በጋውኔ ጫፍ ጠረግሁና መልሼ አሰርኩ። በሁለተኛው ርግጫ ተነሳች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክንመረቅ ድረስ ስሜ «ካንዴላ» ሆኖ ቀረ። ዛሬ ጠዋት በር ላይ በዚሁ ስም የጠራኝ ሰው አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል፣ ተማሪዎቹም እዚህ አሉ፤ ስሙን አልናገርም።

ያን ነገር ያወቅሁት ከአባቴ ነው። ያደግሁት አዲሎ ነው፣ ከምባታ። አባቴ የወባ ማጥፊያ ሠራተኛ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ሞተር ሆንዳ ኤክስ ኤል 125 ነበረች፤ ቀይ ሰርባቶዮ ያላት፣ ከመሬት ከፍ ያለች፣ ማርሚታዋ ወደ ላይ የወጣ። በኋላ አርጅታ በሐራጅ ስትሸጥ ራሱ ተጫርቶ ገዛት። እናቴ ላም ነበር የምትፈልገው። ክረምት ላይ ቀዩ አፈር ሲርስ ምን እንደሚሆን የከምባታና የሐድያ ልጆች ታውቁታላችሁ፦ ጎማው መሐል ይሞላል፣ ከዚያ ጎማ መሆኑ ይቀርና የሸክላ ማሰሮ ይሆናል። መኪና በሚቆምበት ቦታ አባቴ በሁለተኛ ማርሽ፣ ቤንዚን ሳይጨምር፣ ቆሞ እየነዳ ያልፍ ነበር። ቆሞ ማለቴ በእግሮቹ ፔዳሉ ላይ ቆሞ ነው። መቀመጫው ላይ ሳይቀመጥ። ለምን አትቀመጥም ስለው «ጉልበት ከሞሎ ይበልጣል» ይለኝ ነበር። ይህን ከማን እንደተማረው አላውቅም። እሱ ራሱም አያውቅም ነበር፤ ከመንገዱ የተማረው ይመስለኛል።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በአንድ መጥፎ ወር፣ የዚህን አነዳድ ታሪክ ሳነብ ሌሊቶች አሳለፍኩ። ከዚያ ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

ነገሩ የተጀመረው እንግሊዝ አገር ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 29 ቀን 1924 ካምበርሊ በምትባል ቦታ የሞተር ሳይክል ክበብ ሰዎች ከመንገድ ውጭ፣ በኮረብታና በአሸዋ ላይ ውድድር አዘጋጁ። እስከዚያ ድረስ የነበረው ውድድር ፍጥነት ብቻ የሚለካበት አልነበረም፤ ዳኛ ቆሞ አነዳዱን እያየ ነጥብ ይሰጥ ነበር። የነዚህኞቹ ግን ዳኛ የለበትም፤ ቀድሞ የገባ አሸነፈ፣ በቃ። የበላይ ማኅበሩ በድሮው ስም መጥራት አይቻልም ስላላቸው «ስክራምብል» አሉት። መንጠልጠል፣ መጋፋት፣ እየቧጠጡ መውጣት እንደማለት ነው። ወደ 80 ሰው ተነሳ፣ ግማሹ ያህል ጨረሰ። አርተር ስፓርክስ የሚባል ሰው አሸነፈ። ስሙን ፈረንሳዮችና ቤልጅጎች በኋላ «ሞቶክሮስ» አደረጉት። ከጦርነቱ በኋላ በ1947 ሆላንድ ውስጥ ዋሰናር ላይ አገሮች በቡድን የሚገጥሙበት ውድድር ተጀመረ፤ በ1952 በ500 ሲሲ የአውሮፓ ሻምፒዮና፣ በ1957 ደግሞ የዓለም ሻምፒዮና ሆነ።

የዚያን ዘመን ሞተሮች ብታዩዋቸው ትስቃላችሁ። የመንገድ ሞተር ናቸው፤ መብራታቸው ተነቅሎ፣ ማርሚታቸው ወደ ላይ ተጠምዞ፣ መሪያቸው ሰፍቶ። ወደ 150 ኪሎ የሚጠጋ ብረት። የኋላ አሞርዛተራቸው የሚሄደው 10 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ የዛሬው 30 ይደርሳል። ታዲያ የቀረውን 20 ሴንቲሜትር ማን ይሸከማል? የሰውየው ጉልበትና ዳሌ። የዚያን ጊዜ ነጂዎች ፎቶ ላይ ሁሉም ቆመው ነው። አባቴን አየሁት።

እነዚያ ሞተሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም አንድ ሲሊንደር ያላቸው ባለ አራት ምት ነበሩ። እዚህ ያለነው ሐኪሞች ስለሆንን ማስረዳቱ ቀላል ነው። ፒስቶኑ ወርዶ ይስባል፣ ወጥቶ ይጨምቃል፣ ካንዴላው እሳት ሲሰጠው ፈንድቶ ይወርዳል፣ እንደገና ወጥቶ ይተፋል። ሁለት ቫልቭ አለው፣ መግቢያና መውጫ፤ በሰዓቱ ካልተከፈተና ካልተዘጋ ነገር ይበላሻል። መቼም የት እንዳያችሁት ታውቃላችሁ። በቋንቋችንም ሁለቱም ምት ነው የሚባለው፣ የልቡም የሞተሩም። የሆንዳዋን ቫልቭ ክፍተት አባቴ በዊንዲቨር ነበር የሚያዳምጠው፤ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ። ሦስተኛ ዓመት ላይ ስቴቶስኮፕ ሲሰጠን ያልተደናገጥኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ባለ ሁለት ምቱ ግን ቫልቭ የለውም፣ ይህን ሁሉ ሥራ በአንድ ዙር ይጨርሳል። ቀላል ነው፣ ፈጣን ነው። ዘይቱ ቤንዚኑ ውስጥ ተደባልቆ ስለሚቃጠል ሰማያዊ ጭስ ያወጣል። የቁልቁለት ጉዳይ ግን አለ። በባለ አራት ምት ረጅም ቁልቁለት ላይ ጋዙን ስትዘጉት ሞተሩ ራሱ ይይዛችኋል፣ እንደ ጥሩ በቅሎ። ባለ ሁለት ምቱ እምብዛም አይዝም፤ ጭራሽ ጋዝ ሲዘጋ ቤንዚን ስለማይገባ ዘይትም አይገባም፣ ፒስቶኑ ሊነክስ ይችላል። ለሜዳ ውድድር ይህ ምንም አይደለም። ለከምባታ ነገር ነው።

እዚህ ላይ አንድ የገረመኝን ነገር ሳልነግራችሁ ማለፍ አልፈልግም። በ1952 የመጀመሪያውን የአውሮፓ ሻምፒዮና ያሸነፈው ቪክቶር ለሉ የሚባል ቤልጅጋዊ ነው፤ የነዳው ሞተር ኤፍ ኤን ይባላል። ኤፍ ኤን ማን ነው? ቤልጅግ አገር ሄርስታል ያለው የጠመንጃ ፋብሪካ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ለኢትዮጵያ ጠመንጃ የሸጠ፤ አያቶቻችን «በልጅግ» እያሉ የፎከሩበት ብረት ከዚያው አገር የመጣ ነው። የእንግሊዙ ቢ ኤስ ኤም ሙሉ ስሙ «የበርሚንግሃም ቀላል መሣሪያዎች» ማለት ነው፤ ምልክቱ ሦስት የተደገፉ ጠመንጃዎች ናቸው። የስዊድኑ ሁስክቫርና በ1689 የተቋቋመ የጠመንጃ ፋብሪካ ነበር። የቼኩ ሲ ዜድም እንደዚያው የጦር መሣሪያ ቤት ነው። ምክንያቱ ብዙ አይደለም፦ ቱቦ በትክክል መቦርቦርና ጥሩ ብረት ማቅለጥ የሚችል ሰው ሲሊንደርም ይሠራል። እኔ ግን የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ስለሆንኩ ሌላም አሰብኩ፣ እሱን ለራሴ ልተወው።

ውድድሩ ውስጥ ባለ አራት ምቶቹ እስከ 1965 ድረስ ነገሡ። ጆን ድሬፐር በ1955 በቢ ኤስ ኤ ጎልድ ስታር አሸነፈ፣ ሌስ አርቸር በ1956 በኖርተን፣ ቢል ኒልሰን በ1957 በኤ ጄ ኤስ። በ1958 ሬኔ ባተን በኤፍ ኤን አሸነፈ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ውድድር ላይ ወድቆ ሞተ። የመጨረሻው ጄፍ ስሚዝ ነው፣ በ1964ና በ1965 ትንንሽና ቀላል በተደረገ ቢ ኤስ ኤ። በ1966 ፖል ፍሪድሪክስ የሚባል የምሥራቅ ጀርመን ሰው በሲ ዜድ ባለ ሁለት ምት መጣና ጨረሰው። ቢ ኤስ ኤዎች በዚያው ዓመት ክብደት ለመቀነስ ቻሲውን ከቲታኒየም ሠሩ። ስንጥቅ በስንጥቅ ሆነ፤ ሜዳ ላይ መበየድም አይቻልም። ከዚያ በኋላ ለሰላሳ ዓመት ያህል ባለ አራት ምት ለሞቶክሮስ የሽማግሌ ሞተር ተባለ። ሆንዳ ራሱ፣ መሥራቹ ባለ ሁለት ምት የማይወድ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ሞቶክሮስ ማሸነፍ ሲያምረው በ1973 ባለ ሁለት ምት ሠርቶ ገበያ አወጣ። ባለ አራት ምቷን ኤክስ ኤልን ደግሞ ለገበሬ፣ ለፖስተኛ፣ ለአባቴ ተዋት። (ስዊድናውያኑ ቶርስተን ሃልማንና ስተን ሉንዲን የያማሃን የገጠር ሞተር ፈተው እንደገና የውድድር ሞተር ያደረጉበት ታሪክ አለ፣ ደስ የሚል ነው፤ ምሳ ላይ ለሚጠይቀኝ እነግራለሁ።)

በውድድር የተሸነፈው ሞተር ነው እንግዲህ ለእኛ የመጣው። አሁን አዲሎ፣ ዱራሜ፣ ሺንሺቾ፣ ሆሳዕና የምታዩት ቦክሰር ሁሉ፣ ቲ ቪ ኤስ ሁሉ፣ የዚያ ወገን ነው፦ አንድ ሲሊንደር፣ አራት ምት፣ በዝቅተኛ ዙር የሚጎትት። ያለ እሱ የገጠሩ ሰው እንዴት ጤና ጣቢያ ይደርስ ነበር? ምጥ የያዛትን ሴት መሐል አድርገው፣ አንዱ ከኋላ ደግፎ ያመጧት ስንቴ ነው። ሞተርን መሳደብ አልችልም።

አሁን ወደ ወንድሜ ልምጣ። ይህን የምናገረው እሱ ፈቅዶልኝ ነው። እንዲያውም «ካነሳሽው አይቀር በደንብ ተናገሪው» ብሎኛል።

ታናሽ ወንድሜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። የአካባቢያችንን ታሪክ ታውቁታላችሁ፤ ጓደኞቹ አንድ በአንድ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዱ። አንዳንዱ ሱቅ ከፈተ፣ ገንዘብ ላከ፣ ለእናቱ የቆርቆሮ ቤት ሠራ። የአንዳንዱ ደግሞ ድንኳን ተጣለለት። እሱም ለደላላ የሚከፍለውን እያጠራቀመ እንደሆነ እናቴ በስልክ እያለቀሰች ነገረችኝ። በማግስቱ አዲሎ ሄድኩ። «ተው፣ እዚሁ ሥራ፣ ሞተር እገዛልሃለሁ» አልኩት። ገዛሁለት። አዲስ ቦክሰር። ሻጩ ከጎን ሄልሜት ደርድሮ ነበርና «ይጨመር?» አለኝ። ወንድሜ «እቴ፣ ተይው፣ ይሞቃል፣ ደግሞ ማንም አያደርግም» አለ። እኔም ዋጋውን ጠየቅሁና በኋላ ከአዲስ አበባ የተሻለ አመጣልሃለሁ አልኩት። በዚያን ጊዜ ስንት ዓመት ድንገተኛ ክፍል ሠርቼ ነበር መሰላችሁ? ስድስት።

ለሰባት ወር ሰው አመላለሰ። ስምንተኛው ወር ላይ፣ ሐምሌ ነበር፣ ሲመሽ፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ ተሳፋሪ አውርዶ ባዶውን ሲመለስ ቁልቁለቱ ላይ የፊት ጎማው ሄደበት። ፍጥነት አልነበረውም። ከተሰበረው ነገር ሁሉ የከፋው ግንባሩ ነበር። ሰዎች በሌላ ሞተር፣ በሁለት ሰው መሐል አድርገው አመጡት፤ አንገቱን የያዘለት ሰው አልነበረም። እኔ ተረኛ ነበርኩ። ሲደርስ ግላስጎው ኮማው ዘጠኝ ነበር። የገዛ ወንድምን ነጥብ መስጠት ምን እንደሚመስል አልናገርም፣ ከመካከላችሁ የምታውቁት አላችሁ።

ቀዶ ሕክምና አላስፈለገውም። ሲቲ ስካን ወዳለበት ተላከ፣ የግንባሩ አጥንት ተሰንጥቋል፣ የፊተኛው የአንጎል ክፍል ደምቷል፤ ተኛ፣ ጠበቅን። ያን ሁሉ የሞቶክሮስ ታሪክ ያነበብኩት በነዚያ ሌሊቶች ነው፣ አልጋው አጠገብ፣ በስልክ። ለምን እንደሆነ ስጠየቅ መልስ የለኝም። የጀመርኩት የሄልሜትን ታሪክ ስፈልግ ነው፣ እሱ ወደ ውድድሩ ወሰደኝ።

የሄልሜት ታሪክ የእኛ የሐኪሞች ታሪክ መሆኑን ታውቁ ነበር? እኔ አላውቅም ነበር። ኤሪክ ጋርድነር የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በብሩክላንድስ የውድድር ሜዳ ራሳቸውን የተመቱ ነጂዎች ሲበዙበት ከሸራና ከሙጫ የተሠራ ቆብ አሠራ፤ በ1914 በማን ደሴት ውድድር ላይ ግዴታ ሆነ። በ1935 ደግሞ «የዐረቢያው ሎውረንስ» የሚባለው ሰው ከሞተር ወድቆ ስድስት ቀን ራሱን ሳያውቅ ሞተ። ካከሙት አንዱ ወጣት የነርቭ ቀዶ ሐኪም ሂዩ ኬርንስ ነበር። ኬርንስ አልረሳውም። በ1941 በብሪታኒያ የሕክምና መጽሔት ላይ ስለ ሞተረኞች የጭንቅላት ጉዳት ጻፈ፤ ሄልሜት አድርገው ከወደቁት መካከል ሊያገኝ የቻለው 7 ብቻ ነበር፣ ሰባቱም ተርፈዋል። ሰባት ሰው! ዛሬ ብናቀርበው ናሙናው አነሰ ብለው ይመልሱልናል። ሠራዊቱ ግን ሰምቶት በዚያው ዓመት መልእክተኞቹን ሁሉ ሄልሜት አስለበሰ። ለሲቪሉ ግዴታ የሆነው በ1973 ነው፤ ኬርንስ ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎት። በኋላ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየው የኮክሬን ግምገማ ሄልሜት የሞትን ዕድል 42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን 69 በመቶ ይቀንሳል አለ።

ያኔ ያናደደኝ ይህ ነው። ተወዳዳሪው ቁጥር አለው፣ ሄልሜት አለው፣ ጥግ ላይ አምቡላንስ ቆሞ ይጠብቀዋል። ጭቃው ያው ጭቃ ነው፣ ሞተሩም ያው ሞተር ነው። የእኛ ልጆች ያንኑ ውድድር በቀን አሥር ጊዜ፣ ከኋላ ሁለት ሰው ጭነው፣ ባዶ ራሳቸውን ይሮጡታል።

ወንድሜ ዳነ። ግን ማሽተት አቆመ። ክሪብሪፎርም ላይ ያለፉት ቀጭን ክሮች ተበጠሱ፤ ከዓመት በኋላ አይመለስም አልኩት፣ አልተመለሰም። እናቴ ቡና ስትቆላ ጭሱን ወደ ፊቱ ታደርግለታለች፣ አሁንም ድረስ፤ እሱም ለሷ ብሎ ወደ ውስጥ ይስባል። ሰው ማመላለሱን ተወና ሞተር ጠጋኝ ሆነ። ጎበዝ ነው። ግን ቤንዚን ሲንጠባጠብ አያሸትትም። አንድ ቀን ብየዳ አጠገብ ሊቃጠል ነበር፤ አሁን ጎረቤቱ ጎሚስታው ቀኑን ሙሉ ያሸትትለታል።

አሁን ጥያቄ አለኝ። እዚህ ከተቀመጥነው ስንቶቻችን ለወንድም፣ ለአጎት ልጅ፣ ለእህት ልጅ ሞተር ገዝተናል? እጅ አታውጡ። ከውጭ የመጣችሁም ገንዘብ የላካችሁ አላችሁ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ ሄልሜቱ ከሞተሩ ጋር በአንድ ደረሰኝ ይገዛ። ለብቻው በኋላ አይገዛም፣ እኔን እዩኝ። ሁለት ይሁን፣ ተሳፋሪም ራስ አለው። ማሰሪያው ካልታሰረ ከመጀመሪያው ምት በፊት ይበራል። አንዴ በደንብ የወደቀ ሄልሜት ከላይ ደህና ቢመስልም ውስጡ ያለው ፎም ተጨፍልቋል፣ ይጣል። ሴቶቹ ተሳፋሪዎች ሹሩባቸው እንዳይበላሽ፣ የሰው ላብም እንዳይነካቸው ብለው እምቢ ይላሉ፤ እውነት አላቸው። ዱራሜ ያየሁት አንድ ልጅ ከሥሩ የሚደረግ የጨርቅ ቆብ አሰፍቶ ለየተሳፋሪው ይሰጣል፣ ማታ እናቱ ታጥባለች። ደንበኛው ከሁሉም ይበልጣል።

የአባቴ ኤክስ ኤል አሁንም አለች። አባቴ ካረፈ በኋላ ጓሮ እንሰት ሥር ቆማ ዶሮ ይሰፍርባት ነበር። ወንድሜ ሁለት ዓመት ሙሉ በትርፍ ሰዓቱ ፈታት፣ ሲሊንደሯን አስቦረቦረ፣ ፒስቶን ከሌላ ሞተር አግኝቶ አስተካከለ፣ ሰርባቶዮዋን ቀይ ቀባ። ባለፈው መስቀል ስገባ ግቢ መሐል አቁሟታል። «እቴ፣ ነይ እስኪ አሽትቺልኝ» አለኝ። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ፤ ካርቡራቶሩ ሥር ትንሽ ቤንዚን ነበረ። አጠበቀው። እንደገና አሸተትኩ። ዊንዲቨሩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ቫልቮቹንም አዳመጥኩ፣ መውጫው ትንሽ ይጮሃል። ከዚያ ሄልሜቱን አጥልቆ ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ጎተተና በሦስተኛው ርግጫ አስነሳት፤ እስከ ገበያው ሄዶ ተመለሰ፣ ቆሞ እየነዳ።

ሦስተኛ ማርሽ ላይ ትዘላለች። የኤክስ ኤል ማርሽ ጥርስ ያለው፣ ወይም የት እንደሚገኝ የሚያውቅ ሰው ካለ፣ እባካችሁ ከምሳ በፊት አግኙኝ።